ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር

ጄራልድ ያውቁ ነበር? ያን ወረቀት አንሥተው ሲያዩት፣ ቀና ብለው «ፊርማው የኔ ነው» ሲሉ፣ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ገብቷቸው ነበር ወይስ ከነጭራሹ አልጠረጠሩም? ይህን ጥያቄ በባቡር ውስጥም፣ በቅዳሴ መሐልም፣ ዕቃ እያጠብኩም ስንት ጊዜ ገለባበጥኩት። መልሱን ዛሬም አላውቅም። የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ የሉም። ባለፈው ፋሲካ ማግሥት ጡረታ ወጣሁ። ጊዜ ሳገኝ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ሥራዬ ባሕር ከተማ እንዳይበላ መከላከል ነበር። እንዲህ ስል የሚስቅ አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን አብራኝ የምታገለግለው ዘነበች ከሰው ባስተዋወቀችኝ ቁጥር፣ «ጽጌ ባሕር ጠባቂ ናት» ትላለች።

«ማን እንዳይሰርቀው?» ይላል ሰውየው።

«ሌባውስ ራሱ ባሕሩ ነው» እላለሁ። እውነቴን ነው። በየክረምቱ ትንሽ ትንሽ ይቆርሳል። ዘንድሮ የአትክልት አጥር ነው፤ ከዓመታት በኋላ የሰው መኝታ ቤት ይሆናል። እኛ ግንብ፣ ድንጋይና ጠጠር አሰልፈን በመሐል እንቆማለን።

ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ተቋርጦ ነበር። ለንደን ስገባ ሠላሳን ልነካ ጥቂት ነበር የቀረኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ካምደን ውስጥ ያለ የመሐንዲሶች ቢሮ ማጽዳት ነበር። ቅርጫት ውስጥ የተጣሉ ፕላኖችን አጣጥፌ ወደ ብሪክስተን እወስድና አልጋዬ ላይ ዘርግቼ እመለከታቸዋለሁ። መጀመሪያ የማረከኝ መልካቸው ነው፤ ቀጭን መስመር፣ ወፍራም መስመር፣ ጥግ ጥጉ ላይ ደቃቅ ቁጥር። ኋላ ቁጥሮቹ ምን እንደሚሉ ማወቅ አማረኝና የማታ ኮሌጅ ገባሁ። ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ተቀምጬ ክፍልፋይ ተማርኩ። አንድ ነገር ሳይገባኝ ገጽ አልገልጥም፤ አስተማሪዎቼ ይህን አንዳንዴ ይወዱልኝ፣ አንዳንዴ ይሰለቹብኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ዲፕሎማዬን ይዤ ለዚያው ቢሮ በቴክኒሻንነት አፕላይ አደረግሁ።

ቃለ መጠይቅ ካደረጉልኝ ሦስት ሰዎች አንዱ ረጅም፣ ሸበቶ፣ ሹራባቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ነበሩ። ጄራልድ ማለት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ።

«ቅርጫቴን ትደፊ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ከቅርጫቱ ምን ተማርሽ?»

«የዚያ የወደብ ግንብ፣ ሁለተኛው ረቂቅ ከአራተኛው ይሻል እንደ ነበር» አልኩ።

ሌሎቹ ሁለቱ ተያዩ። ጄራልድ ግን ሳቁ። «እኔም ይህንኑ ብያቸው ነበር» አሉ። ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከጽዳቱ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴ ቅርጫት ነበረኝ።

ዓመቱ ሁለት ሺህ አምስት ነው፤ በኛ ዘጠና ሰባት። ምርጫ እዚህም ነበር፣ አገር ቤትም ነበር፤ ያውም በአንድ ግንቦት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ስለ ድምፅ ቆጠራ ሲነታረክ፣ እኔ ኪሴ ውስጥ ሦስት ጠጠሮች እያሻሸሁ ሌላ ነገር አሰላስል ነበር። ቢሮው ከለንደን በባቡር ሁለት ሰዓት የማትርቅ ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አዲስ መከላከያ ሊሠራላት ውል ይዞ ነበር፤ እኔም ከጄራልድ ጋር እዚያ ተመደብኩ። የከተማዋን ስም አልጠራም። ሰላማዊ ከተማ ናት፤ በሰላሟ ትኑር።

የጄራልድ አሠራር እንዲህ ነበር። ከባቡር እንደ ወረድን ወደ ባሕሩ ይሄዱና ጀርባቸውን ለአሮጌው ግንብ ሰጥተው ይቆማሉ። አይለኩም፣ አይጽፉም፣ አያወሩም። ሳንድዊቻቸውን እንኳ ባሕሩን እያዩ ነው የሚበሉት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እንቀጠቀጣለሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሲያልፍ፣ «እሺ ጽጌ፣ ምን አየሽ?» ይላሉ። የስሜን ጸ ለማውጣት ጥርሳቸውን ነክሰው ይታገሉ ነበር፤ ሌላው ሰው ሁሉ ሲጊ ብሎኝ ነው የቀረው። በመጀመሪያው ቀን «ውኃ» አልኩ። በሳምንቱ «ማዕበሉ ቀጥ ብሎ አይመጣም፤ ሰያፍ ነው» አልኩ።

«አሁን መለኪያውን አምጪ» አሉኝ።

ሁለተኛው ልማዳቸው የቁጥር ነገር ነው። ቁጥር ከአንድ ወረቀት ወደ ሌላው ሲገለበጥ፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው እየተከተለ ይደግማል። ነፋስ ቢነፍስ፣ ዝናብ ቢወርድ፣ ያለነው ሁለታችን ብቻ ብንሆን እንኳ አይቀርም። «ዓይን የለመደውን ነገር ሳያይ ያልፋል፤ ጆሮ ግን ይነቃል» ይሉ ነበር። ሁልጊዜም በእርሳስ ነው የሚጽፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በጨው ውኃ ይሟሟል።

ያ ሰያፍ ማዕበል ጠጠሩን በዳርቻው ላይ ወደ ምሥራቅ ይነዳዋል። ብዙ ሰው ከተማ የሚያድነው ግንብ ብቻ ይመስለዋል። ግንቡን ራሱን የሚያድነው ከፊቱ የተከመረው ጠጠር ነው። ጠጠሩ ሲሳሳ ማዕበሉ ግንቡን ከሥሩ ይቦረቡረዋል። ግንብ ከአናቱ አይወድቅም፤ ከእግሩ ነው የሚወድቀው።

እኔ የደጋ ልጅ ነኝ። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚሞላና ሁለት ጊዜ እንደሚሸሽ ያወቅሁት እንግሊዝ አገር ነው። ከቤት ይዤው የመጣሁት ቃል ስላልነበረኝ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ሲሞላ ሙላት፣ ሲሸሽ ጉድለት ብዬ ሰየምኩት። ከአንዱ እስከ ሌላው ስድስት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። የግንቡ እግር ሥር መሥራት የሚቻለው በጉድለት ነው፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ሁለት ሰዓት ዘግየት ብሎ። ከዚያ በኋላ ባሕሩ ቦታውን ያስመልሳል።

ደብተሬን የምጽፈው በአማርኛ ነበር፤ ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር። የእነሱ ሰባት የኛ አንድ ነው። ብዙዎቻችን ለንደን ስንት ዓመት ኖረን በልባችን የምንቆጥረው በዚያው ነው። አንድ ቀን ጄራልድ ደብተሬን አይተው፣ ሰዓቶቹ ለምን እንግዳ እንደ ሆኑ ጠየቁኝ። አስረዳኋቸው። በጣታቸው ቆጠሩና ፊታቸው በራ።

«የስድስት ሰዓት ልዩነት? እንግዲያው አንቺ ከእኛ ሁልጊዜ አንድ ሙላት ርቀሽ ነዋ የምትኖሪው! በኛ ሰዓት ሲሞላ ባንቺ ሰዓት ይሸሻል።»

ሁለታችንም ከት ብለን ሳቅን።

በዚያ ዓመት የኔ የምለው ሥራ ጠጠር መቀባት ነበር። ብርቱካንማ ቀለም የቀባናቸውን ጠጠሮች ዳርቻው ላይ በተንን፤ እኔ በየሳምንቱ እየሄድኩ የት እንደ ደረሱ በካርታ ላይ አሰፍራለሁ። የቢሮው ስሌት ሁሉም ወደ ምሥራቅ ይሄዳሉ ይላል። በመጋቢት ግን በርከት ያሉትን ከተነሡበት በስተ ምዕራብ አገኘኋቸው። የዚያን ጊዜው አለቃችን፣ «አላፊ አግዳሚው ወርውሯቸው ይሆናል» አለ። እኔ አልተዋጠልኝም። እየተመላለስኩ የነፋሱን አቅጣጫ ከጠጠሩ ቦታ ጎን ለጎን ጻፍኩ። የምሥራቅ ነፋስ በሰነበተ ቁጥር ጠጠሩ ይመለሳል። ጄራልድ ሠንጠረዤን አይተው፣ «ስሌቱን እንለውጣለን፤ ጠጠሩ አልተሳሳተም» አሉ። ጠጠር ለመያዝ ወደ ባሕሩ የሚዘልቁት የእንጨት አጥሮች ርዝመት በዚያ ምክንያት ተለወጠ። ፕላኑ ጥግ ላይ፣ የለኪ ስም በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ፣ የኔ ስም ገባ። የዚያን ፕላን ቅጂ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ለከተማው ሕዝብ ዕቅዱን ስናስረዳ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ተነሣ።

«ይቺ ሴትዮ ከየት ናት?» አለ፤ የጠየቀው ጄራልድን ነው።

«እዚሁ ናት፤ ራሷን ጠይቃት።»

«ከኢትዮጵያ ነኝ» አልኩ።

«እዚያ ባሕር አለ?»

«የለም።»

አዳራሹ ሳቀ። «ታዲያ ስለ ባሕር ምን ታውቂያለሽ?»

«ምንም አላውቅም ነበር። ለዚህ ነው አፍጥጬ የማየው።»

ሳቁ ወደሱ ዞረ። እሱም ራሱ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ዳርቻው ላይ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ነካ ሳያደርግ አያልፍም ነበር።

አሁን ወደ ስሕተቱ ልምጣ።

ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት፣ ለአሮጌው ግንብ ምሥራቃዊ ጫፍ አዲስ እግር ልናበጅለት ነበር። ሰኞ በጉድለት ሰዓት ከግንቡ ሥር ቦይ ይቆፈራል፤ ማክሰኞ በጉድለት ሰዓት አርማታ ይሞላል። ቦዩ ክፍት ሆኖ መሰንበት የለበትም። እግሩ ተገልጦ የቆመ ግንብ፣ ምርኩዙን የቀሙት ሽማግሌ ማለት ነው።

ለአርማታው የሚሆነውን ወረቀት ዓርብ ዕለት ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ፊርማ ብቻ የሚያርፍበት ወረቀት ነው። ደብተሬ ላይ «ማክሰኞ፣ ጉድለት 1፡10» ይላል፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር። ወደ እንግሊዝኛው ስገለብጠው 7፡10 መሆን ነበረበት። እኔ በዚያን ጊዜ ማክሰኞ ማክሰኞ ዩኒቨርሲቲ እማር ነበር፤ ፈተና ደርሶብኝ ግማሽ ልቤ እዚያ ነበር። ያየሁትን ተየብኩ፤ 1፡10። ያውም እንዳያደናግር ብዬ አጠገቡ «ከቀትር በኋላ» የሚል ጨመርኩበት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህች ጭማሪ ናት። ስሕተቴን አሳምሬ፣ ጥርት አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ጄራልድ የኮታቸውን አንድ እጅጌ ብቻ ለብሰው፣ ስልካቸውን እንደ ጨበጡ መጡ። ባለቤታቸው ሞሪን ደውለው ነበር፤ ሆስፒታል ሰኞ ለልብ ቀዶ ሕክምና ግቢ ብሏቸዋል።

«አንብቢልኝ» አሉና ሰዓታቸውን አዩ። «አይ ተይው፣ ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው። የሠራሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«በቃ።» ፈረሙ።

ሁለታችን ድምፃችንን አሰምተን ሳናነበው ያለፈ ወረቀት ያ አንዱ ብቻ ነው። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጄራልድ የማንንም ወረቀት ሳይሰሙ አይፈርሙም፤ የኔን ፈረሙ። እስከ ብሪክስተን ድረስ ፈገግ እንዳልኩ ሄድኩ።

ማክሰኞ እኔ ፈተና ላይ፣ እሳቸው ሆስፒታል ነበሩ። የሆነውን የነገረኝ የአርማታ ሠራተኞቹ ካቦ ፓት ነው። ፓት አየርላንዳዊ ነው፤ እሱም ሰዎቹም ዕድሜያቸውን ከመሬት በታች ዋሻ ሲሠሩ የኖሩ ናቸውና ባሕር ዳር ሲሠሩ ያ የመጀመሪያ ቀናቸው ነበር። ሰኞ ቦዩን የቆፈረው የአገሬው ሰው ጠዋት ባሕሩ ሸሽቶ ሳለ ብቅ ብሎ ነበር፤ ማንንም ሲያጣ ሥራው ቀርቷል ብሎ ተመለሰ። ፓትና ሰዎቹ የደረሱት ረፋዱ ላይ ነው።

«ሲጊ፣ ምን ልበልሽ» አለኝ። «ወረቀቱ ባሕሩ ይሸሻል ይላል፤ እኛም ሻያችንን ይዘን ጠበቅን። ባሕሩ እየመጣ፣ እየመጣ፣ ደረጃው ላይ ወጣ። ከልጆቹ አንዱ፣ ‹ፓት፣ ይሄ ባሕር ማንበብ አይችልም እንዴ?› አለኝ። የአርማታ መኪኖቹ ተሰልፈው ሆዳቸው እየዞረ ነው። ስልክ ብደውል የሚያነሣ የለም።»

አርማታው ሳይሞላ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረ፤ የሚቀጥለው ሙላት ከማዕበል ጋር መጣ። ረቡዕ በጠዋት ባቡር ስደርስ፣ የአንድ አውቶቡስ ያህል ርዝመት ያለው ግንብ በግንባሩ ወደ ባሕሩ ተደፍቶ ነበር። ከላዩ የነበረው የእግር መንገድ ከነመብራት ምሰሶው ወርዷል። አንድ ባልና ሚስት ሻይና አይስክሬም የሚሸጡባት ጎጆም አብራ ወርዳለች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ለጎጆዋ ካሣ ተከፈለ። ሴትየዋ ግን ጠጠሩ ላይ ቆማ ኩባያዎቿን ስትለቅም አየሁ፤ ያልተሰበረ ስታገኝ በቀሚሷ እየጠረገች። ደብተሬን አወጣሁ። 1፡10። ወዲያው ገባኝ።

በሳምንቱ ካምደን ስብሰባ ተጠራ። ጄራልድ ሞሪንን ከሆስፒታል አውጥተው ነው የመጡት፤ ጢማቸውን አልተላጩም። አለቃው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይህን ሰዓት ማን ነው የጻፈው?»

ጄራልድ አነሡት። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ፊርማው የኔ ነው» አሉ።

«የጻፈውን ነው የጠየቅሁት።»

«ወረቀት የፈራሚው ነው። ሳላነብ ፈረምኩ።»

አፌን ከፈትኩ። እውነት ነው፣ ከፍቼው ነበር። ግን ለነዚህ ሰዎች ምን ብዬ ነው የማስረዳቸው? እነሱ ዘንድ ሰዓት የማያውቅ ሕፃን ብቻ ነው። ሰባተኛ ክፍል ላይ የቀረች፣ ቅርጫት ስትደፋ የኖረች ሴት፣ ለካ ሰዓትም አታውቅም! በዚያች ደቂቃ የታየኝ ይህ ብቻ ነው። ጄራልድ ወደኔ አላዩም። አለቃው ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፈ። እኔም አፌን ዘጋሁ።

እሳቸውን ከመስክ ሥራ አንሥተው ምድር ቤት የአሮጌ ፕላኖች ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው፤ ጡረታቸው እስኪደርስ እዚያው ነበሩ። ምሳዬን ይዤ እወርዳለሁ። «ባሕሩ እንዴት ሰነበተ?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ፤ ስለ ጠጠሩ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሁሉም ነገር። ስለዚያ ወረቀት ግን እሳቸው አንሥተው አያውቁም፣ እኔም አላነሣሁም።

እየዋለ እያደረ አንድ አነጋገር ቢሮው ውስጥ ተለመደ። ሰው ሳያይ ሲፈርም «ጄራልድ አደረገ» ይባላል። «በደንብ ቼክ አድርገው፣ ጄራልድ እንዳታደርግ!» አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ፤ ቃሉ ቀረ። ሰውየውን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ወጣቶች ይሉታል። በሕይወቴ ከእሳቸው ይበልጥ የሚጠነቀቅ ሰው አላየሁም፤ ስማቸው የዝርክርክነት ስም ሆነ። አንድም ቀን አልሳቅሁም። ግን አለመሳቅ መናገር አይደለም።

ግንቡን ጨረስነው። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ ጨረስነው፣ በደንብም ጨረስነው። በኛ ሰዓት መጻፌን ተውኩ። ወረቀት ሁለት ጊዜ በድምፅ ሳላስነብብ አልፈርምም ብዬ ስንቱን አስመረርኩ። ከግንቡ ፊት የምንደረድራቸው ትልልቅ ድንጋዮች ከኖርዌይ በመርከብ ይመጡ ነበር። አንድ ድንጋይ ከጎረቤቶቹ ጋር ቢያንስ በሦስት ቦታ መነካካት አለበት፤ አለዚያ ማዕበል ሲመታው ይወዛወዛል፣ የተወዛወዘ ድንጋይ ይሰበራል። ጠመኔ ይዤ እየዞርኩ ያልተደላደለውን ምልክት አደርግበታለሁ፤ ተነሥቶ እንደገና ይቀመጣል። ፓት ያኔም ከኛ ጋር ነበር።

«ሲጊ፣ ይሄ ድንጋይ ደግሞ ምን በደለሽ?»

«ይወዛወዛል።»

«እኔም ዓርብ ዓርብ እወዛወዛለሁ፤ ሚስቴ አልጣለችኝም!»

«አንተን ባሕር አይመታህማ።»

«ሚስቴን አላየሻትም» አለና ድንጋዩን አስነሣው።

ከዓመታት በኋላ የአገሬው ሽማግሌዎች እንኳ አላየነውም ያሉት ማዕበል መጣ። በማግሥቱ ባቡሩ ሥራ እንደ ጀመረ ሄድኩ። ባሕሩ ገና አልበረደም። ማዕበሉ እየተንከባለለ መጥቶ ድንጋዮቹ መሐል ይገባና ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል፤ የተረፈው ግንቡን ሲመታ የግንቡ አናት ወደ ባሕሩ ስለ ታጠፈ መልሶ ይወረውረዋል። ከጀርባዬ ያ የባልና ሚስቱ አዲሱ ሻይ ቤት መስኮቱ በጨው ታውሮ ተከፍቷል፤ ውስጡ ሰው ይስቃል። ከዳር እስከ ዳር ሄድኩ። አንድም ድንጋይ ከቦታው አልተናወጠም። እዚያ ቆሜ፣ አገሯ ባሕር የሌላት ሴት፣ «ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ፤ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ።

በዚያው ሰሞን ጄራልድን ይዤ ሄድኩ። ምርኩዝ ይዘው ነበር። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ቀስ ብለው ተራመዱ፤ ጎንበስ ብለው ሥሩን አዩ። «ጥሩ እግር አለው» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያን ጊዜ ልነግራቸው ነበር፤ በባቡር ስንመለስ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በባቡር እንቅልፍ ወሰዳቸው። ክረምቱን ሳያልፉ ሞቱ።

እኔ ከዚያ በኋላ በሌሎች ሁለት ከተሞች ላይ ሠራሁ፤ ማዕረጌም ከፍ አለ፤ በመጨረሻ የምፈርመው እኔ ሆንኩ። ስሰናበት ቢሮው ኬክ ቆረሰልኝ። አለቃዬ ፕሪያ የምትባል፣ ብርቱና መልካም ወጣት ናት፤ ንግግሯን ተለማምዳ ነው የመጣችው።

«ጽጌ በዚህ ሁሉ ዓመት» አለች ብርጭቆዋን ከፍ አድርጋ፣ «አንድም ቀን ጄራልድ አላደረገችም!»

ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አመስግኜ ተቀመጥኩ። ቤቴ ስገባ አበባውን ውኃ ውስጥ ሳላደርግ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ለቢሮው ደብዳቤ መጻፍ ጀመርኩ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የሆነውን ሁሉ፣ ከደብተሬ ገጽ ቅጂ ጋር አድርጌ ጻፍኩት። ፖስታውን አሸግሁት፣ ቴምብር ለጠፍኩበት፤ ከዚያ ከፈትኩት። ከቢሮው በፊት መስማት ያለበት ሰው አለ።

ሞሪን የሚኖሩት ዌምብሊ ነው። ቅዳሜ ነበርና ባቡሩ ወደ ስታዲየም በሚሄዱ ኳስ ተመልካቾች ተሞልቶ ነበር፤ እየዘፈኑ እኔንም ሊያዘፍኑኝ ሞከሩ። ሞሪን ሰማንያ አልፏቸዋል። በሩን ከፍተው፣ «ጡረተኛዋ መጣች!» አሉ።

ሻዩ ከመጣ እንደማልናገር ስላወቅሁ፣ ኮቴን ሳላወልቅ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ቆሜ ጀመርኩ።

«ሞሪን፣ ያን የማክሰኞውን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰዓቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ጄራልድ አይደሉም።»

ስለ ደብተሬ፣ ስለ ስድስቱ ሰዓት፣ ስለ ስብሰባው አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ከውጭ የኳስ ተመልካቾቹ ዘፈን ይሰማል።

«ዓርብ ዕለት የደወልኩለት እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ማታ ቤት ሲገባ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ፈራሁና ደወልኩ። ባልደውል ኖሮ ያነበው ነበር፣ የባሌ ስም አይጠፋም ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። ከሞተም በኋላ።»

ይህ በጭራሽ አልታየኝም ነበር። ዝም ስል ሸክሙን የጫንኩት በራሴና በእሳቸው ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ዛሬ አልልም» አሉ። «ዛሬ ተቆጥቻለሁ። ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ድፍረቱ ከየት እንደ መጣ አላውቅም፣ ጄራልድ ስለዚያ ወረቀት ምን ይሉ እንደ ነበር ጠየቅኋቸው።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሣው። ‹ጽጌ ቁጥር አትሳሳትም› አለኝ። ከዚያ ወጥቶ ቲማቲሙን አጠጣ።»

ያችን ዓረፍተ ነገር በየትም ወገን ብገለብጣት አልፈታልሽ አለችኝ።

ሞሪን መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

«‹ደግ ሰው ነበሩ› የሚለውን አውጪው። ደግነቱን የካደ የለም። የካዱት ጥንቃቄውን ነው፤ እሱን ጻፊ።»

ጻፍኩ። ወረቀቱን ተቀብለው አዩና በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ስልካቸውን አንሥተው ቁጥር መቱ።

«ልጄ ናት» አሉ፤ «እሷም የኔ ሕመም ያመጣው ነው ብላ ነው የምታምነው። ለእሷም ንገሪያት፤ ልክ ለኔ እንደ ነገርሽኝ፣ ምንም ሳታስቀሪ።» ስልኩን አቀበሉኝ።

«እማዬ?» አለ ድምፅ።

«እናትሽ አይደለሁም» አልኩ። «ጽጌ እባላለሁ፤ ከአባትሽ ጋር እሠራ ነበር። ጊዜ አለሽ?»